የፈረዱባትና የፈረዱላት

በ2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊቷ ሯጭ ለተሰንበት ግደይ አንድ ጊዜ ተፈረደባት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ተፈረደላት። የተፈረደባት የካቲት 11 ቀን ነው። የዚያን ዕለት አውስትራሊያ፣ ባትርስት ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሴቶቹን 10 ኪሎ ሜትር እየመራች መጥታ፣ የመጨረሻው መስመር ወለል ብሎ እየታያት፣ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ደረሰችባት። ቼቤት አልፋት ስትሄድ የለተሰንበት ጉልበት ከዳትና ሜዳው ላይ ወደቀች። ከውድድሩ ውጪ የነበረ ሰው ሮጦ ደርሶ ደግፎ አነሳት። እንደምንም መስመሩን አለፈች፤ ውጤቷ ግን ተሰረዘ።

የተፈረደላት ነሐሴ 13 ቀን፣ የቡሄ ዕለት ማታ፣ ቡዳፔስት ላይ ነው። በዓለም ሻምፒዮናው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኔዘርላንድን ወክላ የሮጠችው ሲፋን ሐሰን ውድድሩን እየመራች ሳለ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት በግንባሯ ተደፋች። ጉዳፍ ፀጋይ በ31:27.18 አንደኛ፣ ለተሰንበት በ31:28.16 ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ታዬ በ31:28.31 ሦስተኛ ሆነው ገቡ። ሦስቱም የአንድ አገር ልጆች ናቸውና ባንዲራ ለብሶ መጨፈር የሚጠበቅበት ሰዓት ነበር። ለተሰንበት ግን ዞር ብላ ወደ ወደቀችው ሲፋን ሄደች። ለዚህ አድራጎቷ የዓለም አትሌቲክስና ዓለም አቀፉ የፌር ፕሌይ ኮሚቴ የሻምፒዮናውን የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት ሰጧት።

ሰው ስላነሳት ተቀጣች፤ ወደ ወደቀ ሰው ስለሄደች ተሸለመች። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። መረዳዳት መልካም ከሆነ የመጀመሪያው ፍርድ ጭካኔ ነው፤ በውድድር ቦታ መረዳዳት ነውር ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ሽልማት ለታይታ ነው። ስፖርቱን የምወድ ሰው ነኝና ሁለቱም ይሁኑ ብሎ መተው አልሆነልኝም። ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው አልሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሕጉን መውቀስ ነበር። ባትርስት ላይ ዕለቱ ሞቃት ነበር። ዳገትና ጭቃ ባለበት ሜዳ እየመራ የመጣ ሰውነት መጨረሻው ላይ ባዶ ሲሆን ያየ ሰው እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም። ያነሳት ሰው ክፉ አላደረገም። እሷም አንሱኝ ብላ አልጠየቀችም። ያልጠየቁት እርዳታ ያስቀጣል ወይ?

ከኋላ የሚመጡትን ሳስብ ግን ወቀሳዬ ላላ። ፅጌ ገብረሰላማ ሁለተኛ፣ ኬንያዊቷ አግነስ ንጌቲች ሦስተኛ ሆነው ያለፉት በገዛ እግራቸው ነው። ከነሱ ኋላ የገቡትም ማንም አልደገፋቸውም። በአገር አቋራጭ ደግሞ የቡድን ውጤት የሚወጣው የሯጮቹ ደረጃ ተደምሮ ስለሆነ አንዲት አትሌት የምትይዘው ደረጃ የአገሮችን ተራ ሊለውጥ ይችላል። ለአንዷ የተዘረጋ እጅ ሳይታወቅ ሌላዋን ይገፋል። ቼቤትም ብትሆን በአጋጣሚ ያሸነፈች አልነበረችም፤ በዓመቱ ለተሰንበት ሄንግሎ ላይ ያስመዘገበችውን 29:01.03 የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን 28:54.14 በመሮጥ ያሻሻለችው እሷው ናት።

ይህ ክርክር ለተሰንበት ላይ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ ማራቶኑን እየመራ ስታዲየም ሲገባ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ደጋግሞ ወደቀ። ዳኞቹ ራሳቸው አነሱት፣ ደግፈውም አሻገሩት። አሜሪካውያን ተቃውሞ አቀረቡ፤ ዶራንዶ ተሰርዞ ወርቁ ለጆኒ ሄይስ ሆነ። በማግስቱ ንግሥት አሌክሳንድራ ለዶራንዶ ዋንጫ ሸለመችው። ውጤቱን የሰረዙት ዳኞችም ዋንጫውን የሰጠችው ንግሥትም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበትን ምክንያት ግን በአንድ ቃል መናገር አልቻልኩም፤ ስለዚህ ፍለጋዬን ወደ ሌላ ስፖርት አዙሬ ከመቀሌ ቀጠልሁ።

መቀሌ የብስክሌት ከተማ ናት። ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ ወደ ኩሓ በሚያወጣው አስፋልት ዳር የቆመ ሰው ጋላቢዎች ተሰልፈው ሲያልፉ ያያል። የፊተኛው ነፋሱን በደረቱ እየጋፈጠ ይገፋል፤ ሌሎቹ ጎማቸውን ከጎማው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስጠግተው ይከተሉታል። የመሪው ትንፋሽ ሲቆራረጥ ክርኑን ወጣ ያደርግና ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ ሁለተኛው ሳይነጋገሩ ይተካዋል። ማርሽ ሲቀየር ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አላፊ አግዳሚው «ኣጆኹም!» እያለ ያበረታታል፣ ሰልፉ ዳገቱን ይያያዘዋል። እዚህ ስፖርት ውስጥ መረዳዳት የጨዋታው ደም ሥር ነው። ከፊት ያለው ከኋላ ካለው እጅግ የበለጠ ጉልበት ያወጣል፤ ያንን የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለራሱ ድል አይደለም።

ጽጋቡ ግርማይ ከዚህች ከተማ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 መቀሌ ተወልዶ፣ በትራንስ ኢትዮጵያ ክለብ አልፎ፣ በ2013 በታይዋን ዙር አንዱን የዕለት ውድድር አሸነፈ። በ2016 ደግሞ ከላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ጋር ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ የእሱ ዓይነት ጋላቢዎች ሥራ በአብዛኛው ለመሪያቸው ነፋስ መከለል፣ ከመኪና ውኃ ማምጣት፣ በዳገት ላይ ፍጥነት መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ እርዳታ ነው፤ አንዱም ግን አያስቀጣም።

ታዲያ ባትርስት ላይ ነውር የሆነው ብስክሌት ላይ ለምን ሙያ ይሆናል? መልሱን ያገኘሁት ብስክሌት የሚከለክለውን ሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የስፔን ዙር ላይ ቪንሴንዞ ኒባሊ የሚባለው ስመ ጥር ጣሊያናዊ፣ ገና በቀደመው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ሰው፣ የቡድኑን መኪና ይዞ ሲጎተት በካሜራ ተያዘና ከውድድሩ ተባረረ። ጓደኛው ዳገቱን በሙሉ ነፋስ ቢከልልለት ማንም አይናገረውም ነበር። መኪናዋ ግን ተወዳዳሪ አይደለችም፤ አትደክምም፣ አትሸነፍም። እዚያው መንገድ ላይ አብሮ የሚለፋ ሰው ነፋስ ቢከልል ይፈቀዳል፤ ከውድድሩ ውጪ ያለ ወገን ቢጎትት ይከለከላል።

ይህን ይዤ ወደ ትራኩ ስመለስ የአዲግራቱ ሰው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ 300 ሜትር ያህል ሲቀር «ማርሽ ቀያሪው» የሚባለው ምሩጽ በሯጮች መሐል ተዘግቶ ነበር። ከፊቱ የነበረው የአገሩ ልጅ መሐመድ ከድር ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀለት፤ ምሩጽ ተፈተለከ፣ በ10 ሺህ ሜትሩ ወርቅ ላይ ሁለተኛውን ጨመረ። ከድር ያደረገው በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ማንንም አልነካም፣ ማንንም አልገፋም፣ የራሱን ቦታ ብቻ ሰጠ። ዋጋውንም የከፈለው እሱ ነው።

ያው ምሩጽ ግን ውድድር ለማንም እንደማያዝን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ዱራም ላይ በተካሄደ የ5 ሺህ ሜትር ውድድር ዙር ተሳስቶ፣ አንድ ዙር ሲቀረው ማርሹን ቀይሮ ተፈትልኮ ቆመ፤ አሸናፊው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ሆነ። በማግስቱ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፎ ተካሰ። ከ48 ዓመት በኋላ ሌላው የትግራይ ልጅ ሀጎስ ገብረሕይወት ሎዛን ላይ በዳይመንድ ሊግ ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት፤ አንድ ዙር ሲቀረው እጁን ዘርግቶ ደስታውን ገለጸ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ አሸነፈ፣ ሀጎስ አሥረኛ ወጣ። ተመልካቹ ሁሉ ለሁለቱም አዝኖ ይሆናል። ግን አንድም ዳኛ ዙሩን አልቀነሰላቸውም፤ መቀነስም አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ነው የዓለም አትሌቲክስን የእርዳታ ሕግ ቁጭ ብዬ ያነበብሁት። ጥያቄዬን የገለበጠው እሱ ነው። አንድ ሯጭ የወደቀ ተፎካካሪውን ቀና ብሎ እንዲቆም ቢያነሳው ሕጉ እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ ጥፋት የሚሆነው ደግፎ ወደፊት ካራመደው ነው። ዳኛም ሆነ በአዘጋጁ የተመደበ ሰው የወደቀውን ማቆም ወይም ወደ ሕክምና እንዲደርስ መደገፍ ይችላል። የተመደበ ሐኪምም በውድድሩ መሐል ሊመረምረው ይችላል። የማይፈቀደው ያልተመደበ፣ ከአጥር ውጪ የሚመጣ እጅ ነው።

እንግዲህ ባትርስት ላይ ከኋላዋ የምትመጣ ተፎካካሪ ጎንበስ ብላ ለተሰንበትን ብታቆማት ኖሮ፣ ከዚያም ለተሰንበት በራሷ እግር ብትራመድ ኖሮ፣ በዚያ ምክንያት ውጤቷ ባልተሰረዘ ነበር። ሕጉ ርኅራኄን አልጠላም። የጠላው ወገንተኝነትን ነው። የተፎካካሪን እጅ ያምናል፤ ምክንያቱም ተፎካካሪ ሲረዳ ከራሱ ሰዓት ላይ እየቆረሰ ነው። የዳኛን እጅ ያምናል፤ ምክንያቱም ዳኛ ለሁሉም አንድ ነው። የደጋፊን እጅ አያምንም፤ ምክንያቱም ደጋፊ የሚያነሳው የሚወደውን ነው። የዶራንዶም ነገር በዚህ ተፈታልኝ። ዳኞቹ ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ደግፈው ማሻገራቸው ግን ዳኝነታቸውን አስትቶ ደጋፊ አደረጋቸው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ልቋጭ እችል ነበር፤ ግን ከዚህ የከበደ ጥርጣሬ ተነሳብኝ። በሩጫው ውስጥ ወገንተኝነት ቢከለከልስ፣ ከመነሻው መስመር በፊት ያለውን ልዩነት ማን ያስተካክላል?

የ2014 ዓ.ም. ሐምሌን እናስታውስ። ትግራይ በከበባ ውስጥ ነበረች፤ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋርጦ ነበር። በዚያው ወር ኦሪገን፣ ዩጂን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያ ካገኘቻቸው አራት ወርቆች ሦስቱን ያመጡት የትግራይ ልጆች ናቸው፤ ለተሰንበት በ10 ሺህ ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር። አራተኛውን ታምራት ቶላ በወንዶች ማራቶን ወሰደ። ጎተይቶም 2:18:11 ሮጣ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ስትይዝ፣ ቤተሰቧ ጋ ደውላ «አሸነፍኩ» የምትልበት መስመር አልነበረም። ከጎኗ የተሰለፉት ሌሊቱን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሲያወሩ አድረው ይሆናል። እሷ እንኳ ከአገር ወጥታ የመሮጥ ዕድል ነበራት፤ መቀሌ የቀሩት እኩዮቿ ግን ውድድር የሚባል ነገር ሳያዩ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ይህ እኩል ውድድር ነው ወይ?

አይደለም። እኩል ያልሆነውም ይህ ብቻ አይደለም። ለተሰንበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2020 ቫለንሲያ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14:06.62 ስትሮጥ የትራኩ ጠርዝ ላይ የሚሮጥ መብራት ፍጥነቷን ይነግራት ነበር፤ አሯሯጮችም ነበሯት፤ የጫማውም ሥሪት አዲስ ነበር። የሰበረችው የጥሩነሽ ዲባባ 14:11.15 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመዘገብ እንዲህ ያለ መብራትም ጫማም አልነበረም። ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህች ትበልጣለች» ማለት ይከብዳል። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣው ጋር ሲሰለፍም የእኛዎቹ ብልጫ አላቸው፤ እሱን ግን አንጠቅሰውም።

ስለዚህ ውድድር ሰውን እኩል ያደርጋል የሚለውን ትቼዋለሁ። የቀረልኝን ለመናገር በመቀሌው ቀዳማይ ወያነ ገበያ ያለች ሚዛን ትበቃኛለች። ገበያው ሀብታምም ድሃም ይመጣበታል፤ ሚዛኗ ድሃውን ሀብታም አታደርገውም። ኪሎዋ ግን ለሁለቱም አንድ ኪሎ ናት። ዩጂን ላይ ያለው ሰዓት ጎተይቶምን ከየት መጣሽ አላላትም፤ በዚያ ወቅት ስምና የትውልድ ስፍራ ተጠይቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሚዛንም ይጭበረበራል። አዲግራት የተወለደችው አበባ አረጋዊ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ ወጣች። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ ቱርካውያን ከዓመታት በኋላ በአበረታች ንጥረ ነገር ጉዳይ ተሰረዙ፤ በ2024 ደግሞ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የሩሲያዋን ታቲያና ቶማሾቫን ውጤት ሰረዘ። አበባ ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለች። ፍትሕ 12 ዓመት ወሰደበት፤ የዚያን ምሽት መድረክ ላይ የመቆሙን ደስታ ማንም አይመልስላትም።

የአበባ ታሪክ ግን በዚህ አያበቃም። ከለንደን በኋላ ለስዊድን መሮጥ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ከናሙናዋ ሜልዶኒየም ተገኘ ተብሎ ታገደች። ንጥረ ነገሩ የተከለከለው ከዚያው ዓመት ጥር 1 ቀን ጀምሮ ነበርና ከዚያ በኋላ መወሰዷ ሊረጋገጥ ባለመቻሉ እገዳው በዚያው ዓመት ተነሳላት። በአንድ ሕግ ተፈረደላት፣ በዚያው ሕግ ተጠረጠረች፣ በዚያው ሕግ ነጻ ወጣች። ስለሌሎች ስናነብ «ይገባቸዋል» የምንል ሰዎች ስለራሳችን ልጅ ስናነብ ድምፃችን ይለወጣል። የራሴም ድምፅ ሊለወጥ ሲዳዳው ታዝቤያለሁ። ከአጥሩ ውጪ ዘሎ የሚያነሳው እጅ ያ ነው፤ ባትርስት ላይ ብቻ አይደለም ያለው።

አሁን ወደ ቡዳፔስት ልመለስና የመጨረሻውን ጥርጣሬ ላንሳ። ለተሰንበት ወደ ሲፋን የሄደችው መስመሩን ካለፈች፣ ብሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው። ምንም ያላስከፈላት ደግነት ሽልማት ይገባዋል?

ሁለቱ ሴቶች ምን እንደሆኑ ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ ሲፋን ወርቁን ስትወስድ ለተሰንበት ብር አገኘች። በ2021 ሰኔ ሲፋን ሄንግሎ ላይ የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን 29:06.82 አደረገችው፤ ለተሰንበት ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ትራክ ሰበረችው። ቶኪዮ ላይ ሲፋን ወርቅ፣ ለተሰንበት ነሐስ። ዩጂን ላይ ለተሰንበት በ30:09.94 ወርቅ፣ ሲፋን አራተኛ። አዳማ ተወልዳ በስደት ኔዘርላንድ የገባችው ሲፋን የለተሰንበትን ሕይወት ለዓመታት ያከበደች ሴት ናት። መውደቋም ለለተሰንበት አንድ ደረጃ ጨምሮላታል። እንዲህ ያለችው ተፎካካሪ ስትወድቅ «እሰይ» ማለት የሰው ባሕርይ ነው፤ ቢያንስ ዞር ብሎ አለማየት ይቻላል።

ሲፋንም ማንም ሳያነሳት ነው የተነሳችው። ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር መጀመሪያ ላይ ወድቃ፣ ተነስታ ማጣሪያውን አሸንፋለች፤ ቡዳፔስት ላይም ተነስታ አሥራ አንደኛ ሆና ጨርሳለች። ለተሰንበት ደረጃ ልትሰጣት አልሄደችም፤ ያንን መስጠት አትችልም። የሰጠቻት ከደረጃው ውጪ ያለውን ነው። ሽልማቱን ያጸደቅሁት በዚህ ነው። ሩኅሩኅ ልብስ ብዙ ሰው አለው፤ ባትርስት ላይ ዘሎ የገባውም እንዲሁ ነው። ለተሰንበት የሄደችው ግን ወደ ወገኗ አልነበረም። ወገኖቿ አንደኛና ሦስተኛ ሆነው ጎኗ ቆመው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ፍርዶች ልክ ናቸው እላለሁ፤ የፈረደባትም የፈረደላትም አንድ ሐሳብ ነው።

ይህ ለመቀሌ የሚሰጠው ሥራ አለ። ከተማዋ ውስጥና በክልሉ ሩጫና የብስክሌት ውድድር የምታዘጋጁ ሁሉ፦ በመጨረሻው መስመር ዙሪያ የወደቀ ሯጭን የሚያነሱ ሰዎችን አስቀድማችሁ መድቡ፤ ከሩቅ የሚለይ ሰደርያም አልብሷቸው። ዙር ቆጣሪና ደወል አይጉደል። ውጤቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተወዳዳሪ ድረስ በዕለቱ ለጥፉ፤ ቅሬታ ያለው ሰው አቤት የሚልበት ጊዜም ስጡ። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ውጤት በይፋ ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ እኛም ያንን ማድረግ አያቅተንም። አሠልጣኞች፣ ልጆቹ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙትን ክኒን ስም ሳይጠይቁ እንዳይውጡ አስተምሯቸው። መንገድ ዳር የምንቆመው ተመልካቾች ደግሞ፣ የሠፈራችን ልጅ ፊታችን ቢወድቅ የተመደበውን ሰው እንጥራ፤ እኛው ዘለን ገብተን የለፋበትን አናሰርዝበት።